በጨርቅ የደረቀችው ምንጭ

ሚያዝያ አሥራ ሰባት ነበር፤ ማክሰኞ። ወይስ ሐሙስ? የያኔው ማስታወሻ ደብተሬ ቢገኝልኝ ኖሮ ይህን ያህል ከራሴ ጋር ባልተጨቃጨቅኩ። ባለቤቴ «ዝናቡ ገና አልጀመረም ካልክ መጋቢት ነው» ትለኛለች። እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ታሪኩን ግን ከእኔ ይልቅ በቃሏ ይዛዋለች። እሺ፣ መጋቢት ይሁን። ቀኑ ቢጠፋኝም ሰዓቱ አይጠፋኝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ምክንያቱም ቅጹ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ «ሰዓት 3፡15። የምንጩ ሁኔታ፦ ደረቅ።»

እትዬ ቁልፍን ያወቅኳቸው ያን ጠዋት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ከያዝኩ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ አንድ አጥኚ መሐንዲስ የሄደበት መሄድና የሚለውን መጻፍ ነው። አጥኚውን የቀጠረው ሲሚንቶ ፋብሪካ ሊያቋቁም ያሰበ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ዓይኑን የጣለው አንድ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከእግሩ እስከ ራሱ የኖራ ድንጋይ የሆነ፣ ሣር የለበሰ፣ ሥሩ ትንሽ ከተማ ያለችበት ኮረብታ። እሱ የድንጋይ ካባ ሊሆን ነው፤ በድማሚት እየተናደ፣ እየተፈጨ፣ በጭነት መኪና እየተጋዘ ሊያልቅ። ከዚያ በፊት ግን ሕጉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ኮረብታው ለሰው የሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ አይነካም። ካልሰጠ ይቆፈራል። እኛ የሄድነው ለዚህች ጥያቄ መልስ ልንጽፍ ነው።

አጥኚው ሲጋራ ካቆመ ሦስት ወሩ ነበር። በሲጋራው ፋንታ በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለ የናና ከረሜላ ይመጥጣል፤ ከሚኖርበት ትልቅ ከተማ፣ ስሙን ወረቀቱ ላይ ካተመ አንድ ሱቅ በካርቶን እየገዛ ይዞ ይዞራል። ለሰው ይሰጣል፣ ስስታም አልነበረም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይልጣል፤ ወረቀቱንም ያለበት ቦታ ይጥለዋል። በመኪና ስንሄድ በመስኮት፣ በእግር ስንሄድ እግሩ ሥር። የሄድንበትን መንገድ በወረቀቱ ተከትሎ የሚያገኘን ሰው አይጠፋም ነበር።

እትዬ ቁልፍ የምንጩ ጠባቂ ናቸው። አርባዎቹን ያጋመሱ፣ አጠር ያሉ፣ ሲራመዱ የሚሮጡ የሚመስሉ ሴት። በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልገጠመኝም። ወገባቸው ላይ በገመድ የታሠሩ ሰባት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ የምንጩ የብረት በር ነው፤ ስድስቱ የከተማዋ ስድስት ቦኖዎች። ሰው ባልዲውን ይዞ ቦኖ ላይ ተሰልፎ ሳለ ከሩቅ የቁልፎቹ ሽኝሽኝታ ከተሰማ «መጡ! መጡ!» ይባላል፤ ወረፋ የሰበረም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ያን ጠዋት በሩን ከፍተው ሲያስገቡን ፊታቸው ያበራ ነበር። ውስጡ አንዲት ጠባብ ክፍል የምታህል የሲሚንቶ ገንዳ አለች። ግድግዳዋ ታጥቦ እንደተሰቀለ ሳህን ይብለጨለጫል። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጃቸው እርጥብ አንሶላ ጠቅልለው፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ ጌታው። ጫማዎን ብቻ እደጅ ያራግፉልኝ።»

አጥኚው ከደጃፉ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ውሃስ?»

«ጠብታ የለበትም!» አሉ በኩራት። «በጨርቅ ነው ያደረቅኩት። እስቲ ጣትዎን ያሳርፉ።»

አጥኚው ጣቱን አላሳረፈም። ሰዓቱን አየ። መኪናችን ሞተሯ ሳይጠፋ እያጉረመረመች ቆማለች፤ እስከ ማታ የምናያቸው አራት ቦታዎች ይቀሩናል። «ደረቅ» አለኝ። እኔም ጻፍኩ።

ስንወጣ እትዬ ቁልፍ እጄን ያዝ አደረጉኝና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦ «ምን ብሎ አጻፈህ፣ ወንድሜ?»

«ደረቅ ነው ብሎ።»

«ተመስገን!» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ምንጭ ደጃፍ የቆመ መኪና ሁሉ የመጣው ንጽሕና ሊመረምር ነበር። በፊተኛው ዓመት የመጣው መርማሪ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አግኝቶ፣ በጥፍሩ ፍቆ፣ በአምስት ሰው ፊት አፍንጫቸው ሥር ይዞባቸዋል። ያን ቀን ያለቀሱትን ልቅሶ ከተማው ያውቀዋል። እና «እንግዶች ይመጣሉ» ሲባሉ በዋዜማው ከተማውን ሁሉ ባልዲ አስሞልተው ቦኖዎቹን ዘጉ። ጎህ ሲቀድ የምንጩን ዓይን በእንጨት ውታፍ ደፈኑና ውሃውን በማፍሰሻው ቧንቧ ወደ ኋላው ገደል ለቀቁት። ገንዳውን ፈገፈጉ፤ አለቀለቁ፤ አንድ አንሶላ ሠውተው እስኪጮህ ድረስ አደረቁት። እኛ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ ውሃው እየተንፎለፎለ ይወርድ ነበር። የመኪናችን ሞተር ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እንሰማው ነበር።

አራት ወር አለፈ። የጥናቱ ውጤት ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቀድሞ ያነበበው የእትዬ ቁልፍ ወንድም፣ አናጺው ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱን በር ሊጠግን ሄዶ በሩን ነቅሎ ሳይገጥም እየሮጠ መጣ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እየሳቀ ጀምሮ ሳይስቅ ነው የጨረሰው።

«አንቺ! ምንጭሽ ደርቋል!»

እትዬ ቁልፍ ሦስተኛው ቦኖ ላይ ባልዲ እያስሞሉ ነበር። «ይሄ ታዲያ የምን ላብ ነው የሚወርደው?» አሉት ቧንቧውን እያሳዩ።

«ወረቀቱ ነው የሚለው። ኮረብታው ውሃ የለውም፣ የግርጌው ምንጭ በጉብኝት ወቅት ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ካባ ይሁን ይላል!»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የቦኖውን እጀታ ቀስ አድርገው አዞሩና ዘጉት፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። «በገዛ እጄ። በገዛ አንሶላዬ።»

«ንጹሕ መሆን ወንጀል ነው እንዴ?» አለ አናጺው ሊያጽናናቸው።

«ዝም በል አንተ! እናታችን ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን ውሃ በአንድ ጠዋት ጠርጌ ጣልኩት እኮ!»

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ይህን ቀን አልጠራጠረውም፤ ልጆች የሚማሩበት አጭር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ አገጬን ሊነካኝ ደርሶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከአጥኚው ጎን ነበርኩ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ በመስኮት የተንጠለጠለም አለ።

እትዬ ቁልፍ እጃቸውን አወጡ። ሲነሡ ቁልፎቹ ተንሿሹ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ምንጩን ያደረቅኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና ውታፉንም፣ ማፍሰሻውንም፣ አንሶላውንም፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። «ቅጣት ካለው ለእኔ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ኮረብታው ምን አጠፋ?»

ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሩ። «ይህን ቅጽ የጻፈው ማን ነው?»

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንሶላውን አይቼዋለሁ። እርጥብ ነበር።»

አጥኚው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። ሞኝ ሰው አልነበረም። ተነሥቶ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረ። «እሺ። ምንጩ ውሃ አለው፤ እናርመዋለን። ግን ውሃው ከኮረብታው ነው ያለው ማን ነው? ወንዙ ቅርብ ነው፤ ውሃው በሜዳው ሥር ሰርጎ የመጣ የወንዝ ውሃ ነው። ኮረብታው ደረቅ ድንጋይ ነው። ቢነሣም እናንተ ትጠጣላችሁ። አይደለም የሚል ማስረጃ ያቅርብ።»

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ቁልፍ ዞረ።

«አቀርባለሁ» አሉ። «ዛሬውኑ።»

ከኮረብታው አናት ላይ፣ ከሣሩ መካከል፣ ቀጭን ጅረት ትሄዳለች። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ትሄድና አንድ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ አትታይም። ከተማው ስንጥቁን «ጉሮሮ» ይለዋል። «ወንድሜ ሁለት ጆንያ ቀይ ሰጋቱራ አለው» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ጉሮሮው ውስጥ እንጨምረዋለን። ታች ምንጩ አፍ ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን። ሰጋቱራው አንሶላው ላይ ከወጣ ውሃችን የኮረብታው ነው።»

«ካልወጣስ?» አለ አጥኚው።

«ካልወጣ ለካባ ሠራተኞችዎ ከወንዙ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። በነጻ!»

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። አጥኚውም ሳቀ። ሰብሳቢው ግን መነጽራቸውን አደረጉ። «ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ከወጣ እጽፈዋለሁ። ካልወጣ ያለውን ጥናት አጸድቃለሁ። ምንጩ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አንሶላውን ከእኔ በቀር ማንም አይነካም።»

አራት ሰዓት ላይ እኛ አራታችን፣ እትዬ ቁልፍ፣ አናጺው፣ አጥኚውና እኔ፣ ጉሮሮው አፍ ላይ ደረስን። አናጺው ሁለቱን ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆርጧል። እትዬ ቁልፍ ከመነሣታችን በፊት ቦኖዎቹን ሁሉ ቆልፈዋል፤ ሰው ሰጋቱራ እንዳይጠጣ። የጆንያውን አፍ ፈቱና ቀዩን ሰጋቱራ በእፍኝ በእፍኝ ውሃው ላይ ይበትኑት ጀመር። ውሃው ይቀላል፤ ይሽከረከራል፤ ጉሮሮው ይውጠዋል። ደግመው ይበትናሉ። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ኮረብታው ሲጠጣ ቆሜ ያየሁ መሰለኝ።

ጆንያው ሲጋመስ ቀና አሉ። «ጌታው፣ ያቺ ከረሜላዎ አለች? አፌ ደረቀ።»

አጥኚው ደስ አለው። ለሁላችንም አንዳንድ አደለን፤ ለራሱም ሁለት ላጠ። ወረቀቶቹን እንደ ልማዱ እግሩ ሥር ጣላቸው። እግሩ ሥር ውሃው ነበር። ሁለት አረንጓዴ ወረቀቶች ከቀዩ ሰጋቱራ ጋር ሲዞሩ፣ ሲዘቅጡ፣ ሲዋጡ አየሁ። እኔም የእኔን ልጥል እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እትዬ ቁልፍ የራሳቸውን አራት እጥፍ አጥፈው ወገባቸው ውስጥ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ ሲወትፉት አይቼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ወረድን፤ ከዚያ ጥበቃው ሆነ።

ከተማው እንዳለ ምንጩ ዙሪያ ፈሰሰ። ሰብሳቢው ከአዳራሹ በመጣ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አንሶላው ሊነካ ደርሶ፣ ተቀምጠዋል። አምስት ሰዓት። ስድስት። አንሶላው ነጭ ነው። በሩ ጠባብ ስለሆነ ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን ይጠይቃል፤ «ምንም!» የሚለው መልስ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ መንገዱ ይወርዳል።

«ሰጋቱራው መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» አለ አንዱ። «ሰው ይላክለት።»

«የአናጺው ሰጋቱራ አይደል?» አለች አንዲት ሴት። «በሬን በሦስት ሳምንት እሠራለሁ ብሎኝ ይኸው ዓመቱ። ሰጋቱራውም ባለቤቱን ነው የሚመስለው፤ ለከርሞ ይመጣል!»

አናጺው እንኳ ሳቀ። እትዬ ቁልፍ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ከውሃው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሰባት ሰዓት። ስምንት። «ወጣ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ድምፅ እየቀነሰ፣ «ምንም» የሚለው መልስ እየተጎተተ መጣ። አጥኚው ዛፍ ሥር ተኝቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ቁልፍ ሰባቱን ቁልፎች ከገመዱ ፈትተው አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ፤ ሊያስረክቡ ያሉ ይመስል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ሰብሳቢው ጎንበስ አሉ።

አንሶላው ላይ ነጥብ አለች። የሽንብራ ሩብ አታክልም። እትዬ ቁልፍ በጣታቸው ሊነኩ ሲሉ «እጅ!» አሏቸው ሰብሳቢው፤ ራሳቸው በጥፍራቸው አነሷትና ወደ ብርሃኑ ያዟት።

«ቀይ ናት?» አለ ከኋላ ድምፅ።

«ቀይ ናት» አሉ ሰብሳቢው ቀስ ብለው።

«ቀይ ናት!» አለ በሩ። «ቀይ ናት!» አለ መንገዱ። ከዚያ አሥር ሆነች፤ ሃምሳ ሆነች፤ አንሶላው መሐል ለመሐል ቀላ! አናጺው ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፋል፤ ስለ በሩ የከሰሰችውን ሴትዮ ሳይቀር። አቧራው ተነሣ፤ እልልታው ቀለጠ፤ እኔም የማን ወገን እንደሆንኩ ረስቼ እጮህ ነበር።

«ቆይ! ቆይ!» አጥኚው ሰዉን እየገፋ ገባ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰጋቱራ የትም አለ። እዚሁ ከተማ ውስጥ አናጺ ቤት አለ። ጆንያው ሲያልፍ የተራገፈ፣ ከገደሉ በኩል የተበተነ ሊሆን ይችላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም።»

ጩኸቱ ተቆረጠ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር። ለአሥር ሰዓት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ዘጠኝ። ስድስት።

ያኔ ከምንጩ ዓይን ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች።

ተንሸራታ ወጣች፤ አንድ ጊዜ ዞረች፤ አንሶላው ላይ ተለጠፈች። ሰብሳቢው በሁለት ጣታቸው አንሥተው ዘረጓትና የሱቁን ስም አነበቡ። «ይህ ሱቅ እዚህ ከተማ አለ?»

«የለም!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

የሁሉም ዓይን አጥኚው ጉንጭ ላይ አረፈ። ጉንጩ አብጦ ነበር።

«ለእነሱም ሰጥቻቸዋለሁ» አለ አጥኚው ቶሎ ብሎ።

«የኔ ይኸው፣ ጌታው» አሉ እትዬ ቁልፍ፤ አራት እጥፍ የታጠፈችውን ከወገባቸው አውጥተው። እኔም ከኪሴ አወጣሁ። ሁሉም ወደ አናጺው ዞረ። አናጺው ፊቱ ቀልቶ፣ ከደረት ኪሱ ያልተላጠች ከረሜላ ከነወረቀቷ አወጣ። «ለሚስቴ ነው ያስቀመጥኳት» አለ። «እንዳትነግሯት፤ ልታኮርፈኝ ስትል ልሰጣት ነው።»

የዚያን ቀኑ ሳቅ ኮረብታውን ሊንደው ምንም አልቀረው። አጥኚው ጎንበስ ብሎ ወረቀቷን አያት። ከዚያ፣ ይህን ለእሱ ክብር ስል እጽፋለሁ፣ «የኔ ናት» አለ። «እላይ ጥያት ነበር።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ። ኮረብታው ከጉሮሮው እስከ ምንጩ አይቆፈርም። ዛሬም አልተቆፈረም።

እኔ ያን ሥራ በዚያው ወር ተውኩ። ግን አንዲት ነገር ለዓመታት ስትከነክነኝ ኖረች። እትዬ ቁልፍ ከረሜላዋን የጠየቁት አፋቸው ደርቆ ነው? ወይስ ሰውየው ወረቀቱን የት እንደሚጥል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይተው ነበር? አንዳንዴ ከእንቅልፌ ስነቃ ይህ ጥያቄ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በምኖርበት ከተማ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሽኝሽኝታ ሰማሁ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ እርምጃቸው ያው ነው። በእጃቸው አዲስ ቁልፍና የላስቲክ ቀለበቶች ይዘዋል።

«አንተ! ደረቅ!» ብለው ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሙኝ። «ወፈርክሳ! አገባህ? ወለድክ?»

«ሁለት።»

«ያሳድግልህ። ለቦኖዎቹ መዝጊያ ላስቲክ ልገዛ ነው የመጣሁት፤ እዚያ ያለው ሁሉ ያፈሳል።»

ወንድማቸውን ጠየቅኳቸው። «የሴትዮዋን በር ገጠመላት፤ በስምንተኛው ዓመቱ» አሉ። ከጎናችን ካለው ሱቅ ከረሜላ ገዛሁላቸው። አረንጓዴው አልነበረም፤ ቢጫ ነው። ላጡት፤ ወረቀቱን አራት እጥፍ አጠፉት። ይኸው፣ አሁን ልጠይቃቸው ነው።

«እትዬ፣ ያን ቀን እላይ ጉሮሮው ጋ...»

«ተነሣ! ሞልቷል! ተነሣ!» አለ የአውቶቡሳቸው ረዳት በሩን እየደበደበ።

«ውይ፣ ሊዘጋብኝ ነው እኮ!» አሉ። «ነገ ጠዋት ገንዳ አጥባለሁ። ቦኖ ሳልከፍት ማደር አልችልም፤ ሰው ባልዲ ይዞ ይጠብቀኛል።» የታጠፈችውን ወረቀት ወገባቸው ውስጥ ወትፈው፣ እየተንሿሹ ሮጡ፤ በሩም ተዘጋ።